ፊትን ውኃ ውስጥ መክተት፦ ከዛንዚባር ለአንባቢዎች መልስ

ባለፈው እትም ስለ ዛንዚባር ኑሮዬ ስጽፍ መሀል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። "ከሥራ ስወጣ ማስኬን ይዤ ዓሣ ልጠይቅ እሄዳለሁ" የምትል። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሥራ ፈቃድ ሁለት ገጽ ሙሉ ለፍቼ፣ የጥያቄው መዓት የመጣው በዚያች በአንዷ ዓረፍተ ነገር ነው። እሺ፣ የዛሬው ዓምድ የዓሣ ይሁን።

ለማያውቀው ልንገር። ነገሩ ስኖርክሊንግ ይባላል። ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን ማስክ ታጠልቃላችሁ። በአፍ የሚነከስ ቱቦ አለ፤ ጫፉ ከውኃው በላይ ይቀራል። በደረታችሁ ተንሳፋችሁ፣ ፊታችሁን ደፍታችሁ፣ ቁልቁል ታያላችሁ። የአየር ጠርሙስ የለ፣ የምስክር ወረቀት የለ።

እኔም አሠልጣኝ ምናምን አይደለሁም። በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ በምትባል መንደር፣ ዘጠኝ ክፍል ባላት የእንግዳ ማረፊያ ሒሳብ የምሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። የምመልሰው ካየሁትና ከደረሰብኝ ነው።

ጥያቄ፦ "ጥር ላይ ሠርጌ ነው። ለጫጉላ ዛንዚባር እንመጣለን። እጮኛዬ ይዋኛል፤ እኔ ግን አልችልም። እሱ ዓሣ ሲያይ እኔ ጀልባ ላይ ቁጭ ብዬ ቦርሳ ልጠብቅ?" (ሙሽሪት፣ ከአዲስ አበባ)

እንኳን ደስ ያለሽ። ቦርሳውን ባለጀልባው ይጠብቅ።

እኔ እዚህ ስመጣ የዋና ልምዴ ሶደሬ ነበር። እሱም የገንዳውን ጠርዝ ይዤ። ሙቅ ውኃ ውስጥ ቆሞ መሳቅ ዋና ከተባለ ማለት ነው። ስለዚህ ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ። መስመጥ ብቻ አይደለም የሚያስፈራው። ፊትሽን ውኃ ውስጥ ከተሽ አየር መሳብ ነው። ጭንቅላትሽ "እንዳትተነፍሺ!" እያለ ይጮኻል። ከልጅነትሽ ጀምሮ የለመደው እሱን ነዋ።

ባሕር ከመግባትሽ በፊት እዚያው ሆቴል ገንዳ ውስጥ፣ ውኃው ወገብሽ ድረስ የሚደርስበት ቦታ ቁሚ። ማስኩን አጥልቀሽ ጎንበስ በይና አሥር ደቂቃ በቱቦው ተንፍሺ። ቀስ ብለሽ፣ ረዘም አድርገሽ። ከዚያ ሆን ብለሽ ቱቦው ውስጥ ውኃ አስገቢና "ቱፍ!" ብለሽ በኃይል አስወጪው። ይህን ሦስት ጊዜ ሳትደነግጪ ከቻልሽ ከባዱ አለቀ። ባሕር ላይ ላይፍ ጃኬት ልበሺ። የጨው ውኃ ከላንጋኖ ውኃ የበለጠ ሰው ይሸከማል፤ ጃኬት ሲጨመርበት እንደ ቡሽ ነው የምትንሳፈፊው። የሚስቅብሽ ቢኖር ጆሮሽ ውኃ ውስጥ ስለሆነ አትሰሚውም። ብቻሽን ግን አትግቢ። እጮኛሽም ዋናተኛ ነኝ ብሎ ብቻውን አይግባ።

ማስክ ስትመርጪ ማሠሪያውን ሳታጠልቂ ፊትሽ ላይ ለጥፊና በአፍንጫሽ አየር ሳቢ። እጅሽን ስትለቂው ካልወደቀ ልክሽ ነው። መስታወቱን ጉም እንዳይሸፍነው ደግሞ ምራቅ። አዎ፣ ምራቅ። ከውስጥ በኩል እንትፍ ብለሽ በጣትሽ አሺውና አለቅልቂው። በኛ ሀገር ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ ይል የለ? እዚህም ይሠራል።

ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን አዲሱን ማስክ አልወደውም። የተነፈስሽው አየር በደንብ ካልወጣ መልሰሽ የምትስቢው እሱኑ ነው። ስትደነግጪም ቶሎ አውልቀሽ አትጥዪውም።

ጥያቄ፦ "ጓደኛዬ ዛንዚባር ደርሳ ስትመለስ 'ባሕሩ የለም፤ አንድ ኪሎ ሜትር አሸዋና አረም ነው' አለችኝ። ፎቶ ላይ የማየው ሰማያዊ ውኃ የት ሄደ? ተሸወደች እንዴ?" (ከባሕር ዳር)

ባሕር ዳር ቁጭ ብለሽ "ባሕሩ የት ሄደ" ስትዪ ሳቄ መጣ። ጣና የትም አይሄድም። የኛው ግን ይሄዳል። በቀን ሁለቴ።

ውኃውን የምትስበው ጨረቃ ናት፤ ፀሐይም ታግዛታለች። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ዛሬ በሞላበት ሰዓት ነገ አይሞላም፤ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ጉልበቱ ይበረታል። ያን ሰሞን እዚህ ባምቩዋ ይሉታል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የኛ ዳርቻ ደግሞ ሜዳ ነው። ውኃው ያን ያህል ሲወርድ እስከ ሩቁ የኮራል አለት (ኮራል የሚባሉ ደቃቅ የባሕር እንስሳት የገነቡት ድንጋይ ነው) ድረስ ያለው ሁሉ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። ጓደኛሽ አልተሸወደችም። በባምቩዋ ሰሞን ረፋድ ላይ ደርሳ ይሆናል። እስከ ከሰዓት በኋላ ብትጠብቅ ኖሮ ያ ሰማያዊ ውኃ በር ላይ ይመጣላት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያኮራ ነገር ልንገርሽ። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን "ሳአ ሞጃ" ይላሉ፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ባለጀልባው "ነገ ሳአ ታቱ" ካለሽ የኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ፈረንጅ እንግዶቼ በጣታቸው ስድስት እየደመሩ ሲደነባበሩ እኔ ኮራ ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ።

ሰዓቱን ማወቅና ውኃውን ማወቅ ግን ለየቅል ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ባሕሩ ሲሸሽ አለቱ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ኩሬዎቹ ውስጥ ኮከብ ዓሣ አለ፣ ጥፍር የምታክል ሸርጣን አለች። ጎንበስ ብዬ ስቆጥር ቆየሁ። ውኃው ሲመለስ ከፊት ለፊቴ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀድሞ የሚሞላው ዝቅ ያለውን ቦታ ነው። ያ ዝቅ ያለው ቦታ ከኋላዬ፣ በእኔና በመንደሩ መካከል ነበር። ከሩቅ አንዲት እናት "ዳዳ! ማጂ! ማጂ!" ይሉኛል። እህቴ፣ ውኃ! ማለታቸው ነው። ሰላም ያሉኝ መስሎኝ እኔም እጄን እያውለበለብኩ ሰላም አልኳቸው። በመጨረሻ መጥተው እጄን ይዘው አወጡኝ። እኔ ውኃው ደረቴ ደርሶ እንቀጠቀጣለሁ፤ እሳቸው ጭንቅላታቸው ላይ አንድ ከረጢት ምዋኒ ተሸክመው እንደ ገበያ መንገድ ይራመዳሉ። ዛሬም ሲያገኙኝ እጃቸውን እያውለበለቡ ይስቁብኛል።

ምዋኒ ያ ጓደኛሽ "አረም" ያለችው ነው። የሰው ማሳ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዚህ ዳርቻ ሴቶች እንጨት ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ እየቆራረጡ በገመዱ ላይ ያስሩታል። ባሕሩ ሲሸሽ ወርደው ይለቅማሉ። ደርቆ ወደ ውጭ ይሸጣል። ከእሱ የሚወጣው ማወፈሪያ ጥርስ ሳሙና ውስጥም አይስክሬም ውስጥም አለ። ውኃው እየሞቀ ስለመጣ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ምዋኒ እየታመመባቸው ነው። ስትመጪ በገመዶቹ መካከል አትርመስመሺ።

ማስክ ይዘሽ የምትገቢው ሊሞላ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። መሸሽ ከጀመረ በኋላ አለቱ ክፍት በሆነበት በኩል እንደ ጎርፍ ይወጣል። ሰውም ይዞ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ "ሹሩባ ተሠርቼ ልምጣ ወይስ ፀጉሬን ልልቀቀው? ደግሞ እኛ ጥቁር ስለሆንን ሰንስክሪን አያስፈልገንም አይደል?" (ከዱባይ)

ሹሩባ። ሺህ ጊዜ ሹሩባ። የተለቀቀ ፀጉር በማስኩ ጠርዝ ሥር እየገባ ውኃ ያስገባል። ወደ ኋላ ተሠሪና ማሠሪያው በላዩ ይረፍ። ከመግባትሽ በፊት ፀጉርሽን በንጹሕ ውኃ አርሺው፤ ውኃ የጠገበ ፀጉር ጨው ብዙ አይጠጣም። ስትወጪ ታጠቢና የኮኮናት ዘይት ተቀቢ፤ እዚህ እንደ ጉድ ነው ያለው።

ቅቤ ግን በምንም ተአምር። እናቴ የላከችልኝን ቅቤ ተቀብቼ አንድ ቅዳሜ ገባሁ። ፀሐዩ አቀለጠው። ማስኬ ላይ ወረደ። ያን ቀን ያየሁት ባሕር ሳይሆን ወጥ ነበር።

ስለ ቆዳው፦ እንቃጠላለን፣ እመኚኝ። ፊትሽን ደፍተሽ ስለምትንሳፈፊ የሚቃጠለው ጀርባና ቋንጃ ነው። ቋንጃዬ ተልጦ አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ ዳክዬ ሄጃለሁ። ከቅባት ይልቅ እጀ ረጅም የዋና ልብስና ታይት ይሻላል። አንዳንዱ ቅባት ለኮራሉ ጎጂ ነው፤ ሃዋይ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉበትን በፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች። መንደሩ የእስልምና መንደር ስለሆነ ሸፈን ማለትሽ ለሰዉም ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ "ልጄ ዛንዚባር ሆቴል ተቀጥሮ ከሄደ አምስት ወሩ ነው። በዕረፍቱ ቀን ባሕር ውስጥ ገብቶ ዓሣ ያያል አሉኝ። ሻርክ ቢበላብኝስ? እንቅልፍ አጣሁ።" (እናት፣ ከደሴ)

እማዬ፣ ይተኙ። እኔ በስድስት ዓመት አንድ ሻርክ አላየሁም። ለማየት እየተመኘሁ እንኳ። ሻርክ ሰውን ከጨረሰው ይልቅ ሰው ሻርክን ጨርሶታል። ከዚህ በስተደቡብ ማፊያ በምትባል ደሴት አጠገብ አውቶቡስ የሚያክል ዌል ሻርክ ይመጣል። እሱም የሚበላው ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር ነው። ስሙ ነው እንጂ የሚያስፈራው።

ለልጅዎ የሚነግሩት ሌላ ነው፦ እጁን ይሰብስብ፣ እግሩን አያሳርፍ። እዚህ ሰው የሚጎዳው ደክሞት ሊቆም ሲል፣ ወይም አንድ የሚያምር ነገር ሊያነሣ ሲል ነው። የባሕር ጃርት አለ። ጥቁር ነው፣ እሾኹ እንደ መርፌ ይረዝማል፤ ይገባና ውስጥ ይሰበራል። እኔ ተረከዜን ወግቶኝ ባለጀልባው ያልበሰለ ፓፓያ ቆርጦ ወተቱን ቀባኝ። የሀገሩ መድኃኒት ነው። አልዋሽዎትም፣ ቢሻለኝም ሦስት ቀን አነከስኩ። ስቶንፊሽ የሚባል ደግሞ አለ፤ ድንጋይ መስሎ ይተኛል፣ ጀርባው መርዝ ነው። እሱን ከረገጠ እግሩን ሳያቃጥል በሚቻለው የሞቀ ውኃ ውስጥ ነክሮ በቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂድ። ወፍራም ጫማ ካደረገ ብዙው ነገር ይቀራል።

አሁን ደግሞ ልጅዎ ምን እያየ እንደሚውል ልንገርዎት፣ ደስ እንዲልዎት። በቀቀን የሚመስል ዓሣ አለ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ። አፉም የበቀቀን መንቁር ነው። አለቱን በጥርሱ ሲቆረጥም ድምፁ ይሰማል፤ ቆሎ የሚበላ ሰው አጠገብ የቆሙ ይመስልዎታል። የቆረጠመውን ፈጭቶ በኋላው አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። ትልልቆቹ በዓመት በመቶዎች ኪሎ ያወጣሉ። ጫጉላ ሽርሽር የመጣ ሁሉ ተኝቶ ፎቶ የሚነሣበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ኩስ ነው። ለእንግዶቼ ይህን የምነግራቸው ሒሳብ ከከፈሉ በኋላ ነው።

ሌላ ደግሞ ብርቱካንማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ ትንሽ ዓሣ አለ። የሚናደፍ የባሕር አበባ የሚመስል እንስሳ ውስጥ ይኖራል፤ እሱን ብቻ አይነድፈውም። ሲወለዱ ሁሉም ወንድ ናቸው። የቤቱ አለቃ ግን ሴቷ ናት። እሷ ስትሞት ትልቁ ወንድ ራሱ ሴት ይሆንና አለቅነቱን ይወስዳል። እማዬ፣ ይህን ለጎረቤት ሲያወሩ ከኔ ሰማሁ አይበሉ።

ጥያቄ፦ "ለቤቴ ጌጥ ዛጎልና ኮራል ይዤ መመለስ እችላለሁ?" (ከሐዋሳ)

አይ። ኮራሉ እንስሳ ነው፤ ይዞ ከሀገር መውጣትም ያስይዛል። ባዶ የመሰለው ዛጎል ውስጥ ሸርጣን ቤት ሠርቶ ይሆናል። በጣም የሚያምረው ሾጣጣው ዛጎል ደግሞ ባለቤቱ ውስጥ ካለ ይወጋል፤ መርዙ ሰው ይገድላል። ቅርንፉድና ቀረፋ ግዢ፣ ደሴቲቱ የታወቀችው በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ "መስከረም ላይ ዕረፍት አለኝ። ታኅሣሥ ይሻላል ይሉኛል። ደግሞስ የት ልሂድ? ሁሉም ምኔምባ ምኔምባ ይላል።" (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሙቀት ነው፣ ውኃውም ጥርት ይላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ኩሲ ከደቡብ ይመጣል። ዝናብ የለውም፣ ግን በኛ ዳርቻ ውኃውን ያናውጠዋል። መስከረም መጨረሻ ላይ ከሆነ ነፋሱ ጋብ እያለ ስለሚሄድ አይከፋም። ሚያዝያና ግንቦት ትልቁ ዝናብ ነው፤ አትምጣ።

ምኔምባ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለች የግል ደሴት ናት። ዙሪያዋን ያለው አለት ላይ ትዋኛለህ እንጂ መሬቷን አትረግጥም። ዓሣው ብዙ ነው። ችግሩ ጀልባውም ብዙ ነው። አንድ ቀን ቆጥሬ ሃያ ስደርስ ተውኩት። ከሄድክ በጠዋቱ ሂድ፣ ሌላው ከቁርስ ሳይነሣ።

እኔን ብትጠይቀኝ ቹምቤ። ከስቶን ታውን፣ ከዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል፣ በስተደቡብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዓሣ ማጥመድ ተከልክሏል፤ በጠርሙስ መጥለቅም አይፈቀድም፣ በማስክና በቱቦ ብቻ ነው። ከ400 በላይ ዓይነት ዓሣ ተመዝግቦባታል። ውድ ነው፣ አልደብቅህም። እኔ ራሴ የሄድኩት አንዴ ነው፤ ለልደቴ። ነጭ የሆነ ኮራል ካየህ ግን ውበት እንዳይመስልህ። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ቀለምና ምግብ የሚሰጡትን ደቃቅ አልጌዎች ያባርራል፤ ነጭ የሚሆነው ለዚያ ነው። በፈረንጆቹ በ1998፣ በ2016፣ በ2024 እንደዚያ ሆኗል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ይሞታል።

"ከዶልፊን ጋር ዋኙ" የሚልህን እለፈው። እኔ አንዴ በእንደዚህ ያለ ጀልባ ሄጃለሁ። ስምንት ጀልባ ሁለት ዶልፊን ያሳድዳል። ባለጀልባው "ዝለሉ! ዝለሉ!" ይላል፣ ሰው ላይ ሰው ይወድቃል። ያየሁት የጀርመናዊ እግር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ "በ1970ዎቹ ወታደር ሆኜ ምፅዋ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ጉርጉሱም ሄደን እንዋኝ ነበር። አንድ የባሕር ኃይል ጓደኛዬ ማስኩን አዋሰኝና ወደ ውስጥ አየሁ። ቢጫ፣ ሰሐን የመሰለ፣ ጉንጩ ላይ ሰማያዊ ጠባሳ ያለበት ዓሣ ነበር። ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚሄደው። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሁን 69 ዓመቴ ነው። ልጄ ዛንዚባር ልውሰድህ ትለኛለች። ያ ዓሣ እዚያ አለ? በኔ ዕድሜስ ይቻላል?" (ከአዳማ)

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት።

መጀመሪያ ዕድሜው። ከመምጣትዎ በፊት ልብዎንና ግፊትዎን ሐኪም ይይልዎት። በቱቦ መተንፈስ ደረትን ያደክማል፤ የልብ ችግር ካለ ቀልድ አይደለም። ሐኪሙ እሺ ካለ ላይፍ ጃኬት ለብሰው፣ ልጅዎ አጠገብዎ ሆና፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ወጥቶ ሻይ። ባለፈው ዓመት 74 ዓመታቸው የሆነ እንግዳ እንዲህ ገብተው፣ ሲወጡ የሚያወሩበት አፍ አጡ።

ዓሣውን አወቅሁት። ከቢራቢሮ ዓሣ ወገን ነው። ቢጫ፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ጥላ ያለበት፣ ጥንድ ጥንድ የሚሄድ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚህ የለም። የሚገኘው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ ነው። ወደ እኛ አልወረደም። ያኔ ያዩት ነገር እኔ ስድስት ዓመት ተንሳፍፌ ያላየሁት ነው።

ዘመዶቹ ግን አሉ። ቢጫና ነጭ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት። እነሱም ብዙዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት። ከእንግዳ ማረፊያችን በጀልባ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ቦታ አንድ ጥንድ አለ፤ ሁልጊዜ እዚያው ድንጋይ አጠገብ ነው የማገኛቸው። ልጅዎ የምትመጡበትን ቀን ትጻፍልኝና የውኃውን ሰዓት አይቼ እልክልዎታለሁ። ማስክ አይግዙ። እኔ ጋ ሁለት አለ፣ አንዱን አውስዎታለሁ።